ጥይት ሰውን ይወረውራል? ስለ ጥይትና ስለ ፊልም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የካ አባዶ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የኒውተንን ሕግጋት በጀመርኩ ቁጥር ከተማሪዎቼ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፉ ሳይሆን ቅዳሜ ማታ ካዩት ፊልም ነው። ጎረቤቶቼም በእድር ድንኳን ሥር ተቀምጠን ሳለ ይህንኑ ያነሡልኛል። ፊልሙ የሚያሳየው ነገር ስሕተት መሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ ባልተነሣሣሁ ነበር፤ ነገር ግን ስሕተቱ ሰዎች አደጋውን በሌለበት እንዲፈሩትና ባለበት እንዲዘነጉት ስለሚያደርግ፣ ብዙ ጊዜ የምጠየቃቸውን ከነመልሳቸው እዚህ አስፍሬአለሁ።

በጥይት የተመታ ሰው እንደ ፊልሙ ወደ ኋላ ተወርውሮ ይወድቃል?

አይወረወርም። ምክንያቱን ለማየት አንድን ነገር ምን ያህል መግፋት እንደሚችል የሚነግረንን ሞመንተም፣ ማለትም የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት፣ ማስላት ይበቃል። የክላሽ ጥይት እርሳስ 8 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣም በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሁለቱን ስናባዛ 5.7 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ እናገኛለን። ይህ ሁሉ 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ውስጥ ቢቀር እንኳ ሰውየውን የሚያንቀሳቅሰው በሰከንድ 8 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሽማግሌ ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ይፈጥናል።

ተማሪዎቼን ይበልጥ የሚያሳምናቸው ግን ኳስ ነው። ደንቡን የጠበቀ የእግር ኳስ 430 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲመታ የሚይዘው ሞመንተም ከክላሽ ጥይት ጋር እኩል፣ እንዲያውም በጥቂቱ የሚበልጥ ነው። እንዲህ ያለውን ምት በሰፈራችን ሜዳ ላይ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ያለ ብዙ ድካም ይመታዋል፤ በረኛውም በደረቱ አቅፎ ያስቀረዋል እንጂ ከነኳሱ ወደ መረቡ ሲበር ታይቶ አይታወቅም። ለክፍሉ ይህን ካሰላሁ በኋላ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ተማሪ በሰፈር ጨዋታ በረኛ እንደሆነ ተናግሮ፣ «ታዲያ እኔ በየሳምንቱ ስንት ጥይት ይዣለሁ!» አለ። በመግፋት ረገድ የተናገረው እውነት ነው።

ከዚህ ሌላ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ አለ። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ጠመንጃው ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል፤ የባሩዱ ጋዝም የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ ተኳሹ በትከሻው የሚቀበለው ግፊት፣ ተመቺው ከሚቀበለው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ጥይቱ ተመቺውን ሦስት ሜትር የሚወረውረው ቢሆን ኖሮ ተኳሹም በተቃራኒው አቅጣጫ መወርወር ነበረበት። አንድን ሰው ፊልም ላይ እንደምናየው ለማብረር በሰከንድ 4 ሜትር ያህል ፍጥነት ሊሰጠው ይገባል፤ ለዚህም ወደ 50 የሚጠጋ የክላሽ ጥይት በአንድ ቅጽበት ሰውነቱ ውስጥ መቅረት ይኖርበታል። አንድ ሙሉ ካርታ፣ ማለትም የክላሹ ጥይት መያዣ፣ የሚይዘው 30 ነው።

ታዲያ የተመታ ሰው ለምን ይወድቃል?

የሚወድቀው ተገፍቶ ሳይሆን መቆም ስለሚያቅተው ነው። ጥይቱ አንጎልን ወይም ኅብለ ሰረሰርን ከመታ ጡንቻዎች ትእዛዝ ስለሚቋረጥባቸው ሰውየው ባለበት ይዘረገፋል፤ ገመዱ እንደተበጠሰ ጆንያ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ሌላው ምክንያት የደም መፍሰስ ነው፤ ይህ ግን ጊዜ ይወስዳል። ልብ ራሷ ብትመታ እንኳ አንጎል ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ሰውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያህል ሊያቆየው ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሮጥና የሚናገር ቁስለኛ አለ። መመታታቸውን ልብሳቸው ላይ ደም ሲያዩ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ከድንጋጤ የተነሣ ሳይመቱ የሚወድቁም አሉ።

የሚገፋው ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ የሚገድለው በምንድን ነው?

ይህ ከሁሉም በላይ ሰፊ መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው። ሞመንተም ከፍጥነት ጋር በቀጥታ ሲያድግ ጉልበት ግን ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። ስለዚህ በሞመንተም እኩል የሆኑት ኳሱና ጥይቱ በጉልበት ሲነጻጸሩ ፈጽሞ አይገናኙም፤ ኳሱ 40 ጁል ገደማ ሲይዝ ጥይቱ 2,000 ጁል ያህል ይይዛል። 2,000 ጁል ማለት አንድ ኩንታል ጤፍ ከመሬት አንሥቶ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ለመስቀል የሚያስፈልገው ጉልበት ነው። አሁን ያንን ኩንታል በሙሉ ከግማሽ ካሬ ሴንቲሜትር በማይበልጥ ስፋት ላይ፣ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲያርፍ ይገምቱት። ኳሱ ጉልበቱን ደረት ላይ ሲያሰፋው ጥይቱ በአንዲት ነጥብ ይሰበስበዋል። የወስፌና የመዳፍ ልዩነት ነው፤ በአንድ ዓይነት ክንድ ተገፍተው መዳፉ ቆዳውን ሲጫነው ወስፌው ያልፋል።

ከገባ በኋላም ጉዳቱ በቀዳዳው ስፋት አይወሰንም። አየር ውስጥ በሽክርክሪቱ ተረጋግቶ ይጓዝ የነበረው ጥይት ከአየር በ800 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ እፍግታ ያለው አካል ውስጥ ሲገባ መረጋጋቱን ያጣል፤ ይዘምማል፣ በጎኑ ይዞራል፣ አንዳንዱም ይሰባበራል። በዚህ ጊዜ ሥጋውን ወደ ጎን ገፍቶ ለቅጽበት ሰፊ ክፍተት ይፈጥራል፤ ክፍተቱ ወዲያው ተመልሶ ይዘጋል። ሳንባና ጡንቻ የመለጠጥ ባሕርይ ስላላቸው ይህን ብዙውን ጊዜ ይቋቋሙታል፤ ጉበት ግን አይለጠጥምና ይሰነጠቃል። ተመራማሪዎች ይህን የሚያጠኑት ከጡንቻ ጋር ተቀራራቢ በሆነ፣ 10 በመቶ ጄላቲን ባለው ቀዝቃዛ ጡብ ላይ በመተኮስና በፈጣን ካሜራ በመቅረጽ ነው። ከውጭ የምትታየው መግቢያ ከትንሽ ጣት ጫፍ የማትበልጥ ስትሆን ውስጡ ሌላ ታሪክ ሊሆን የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ፊልም ይህን በትክክል ሲያሳይ አላየሁም።

ትከሻው ላይ የተመታ ጀግና በሚቀጥለው ትዕይንት ሲደባደብ እናያለን። ትከሻና ጭን «ቀላል» ቦታዎች ናቸው?

በፍጹም አይደሉም። በአንገትና በትከሻ መካከል፣ ከፊት ባለው የትከሻ አጥንት ሥር፣ ወደ ክንድ የሚወርደው ትልቅ የደም ቧንቧና ክንድን የሚያዝዙት ነርቮች ተጠቅልለው ያልፋሉ። እዚያ የተመታ ሰው ከሞት ቢተርፍ እንኳ እጁን ዳግመኛ ላያነሣው ይችላል። ጭን ውስጥ ያለው ዋና የደም ቧንቧ ከተቆረጠ ደግሞ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ አልቆ ይሞታል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያድነው ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በሙሉ ኃይል መጫን፣ ሳይለቁ መቆየትና ቁስለኛውን በፍጥነት ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

በፊልም በጋለ ቢላዋ ጥይቱን ፈልቅቆ ማውጣት እንደ መዳኛ ይቆጠራል። ሐኪሞች ግን ጥይቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ካልገባ ወይም የደም ቧንቧን ወይም ነርቭን ካልተጫነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይተዉታል፤ የሚጎዳው የሄደበት መንገድ እንጂ ያረፈበት ቦታ ስላልሆነ፣ ፍለጋው ራሱ አዲስ ቁስል ይከፍታል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1912 ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ደረታቸው ላይ ሲመቱ፣ ጥይቱ በኪሳቸው የነበረውን 50 ገጽ የታጠፈ ንግግርና የመነጽር ማኅደር በስቶ በመድከሙ ሳንባቸው አልደረሰም። ንግግራቸውን ከአንድ ሰዓት በላይ አሰሙ፤ ጥይቱንም በ1919 እስኪሞቱ ድረስ በደረታቸው ይዘው ኖሩ።

ጥይት መከላከያ ሰደሪያ የለበሰ ሰውስ አይወረወርም?

እርሱም አይወረወርም፤ የሞመንተሙ ስሌት አልተለወጠምና። ሰደሪያው የሚያደርገው ጥይቱን በጠንካራ ጭረቶች ይዞ ጉልበቱን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ መበተን፣ ማለትም ወስፌውን ወደ መዳፍ መቀየር ነው። ኬቭላር የተባለውን ጭረት ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1965 ካገኘችው በኋላ ነው ቀላል ሰደሪያ የተስፋፋው። አሜሪካዊው ሰደሪያ ሠሪ ሪቻርድ ዴቪስ ገዢዎችን ለማሳመን ሰደሪያውን ለብሶ በራሱ ላይ በተደጋጋሚ ተኩሷል፤ ቆሞም ቀርቷል። ይህ ግን ምንም አይደርስበትም ማለት አይደለም፤ የጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል። ከጨርቅ ብቻ የተሠራ ሰደሪያ የሽጉጥ ጥይትን እንጂ የክላሽን አያቆምም፤ ለክላሽ የብረት ወይም የሴራሚክ ሳህን ያስፈልጋል።

ከመኪና በር ጀርባ መከለል ይቻላል? ከቤት ግድግዳስ?

የመኪና በር ቆርቆሮ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። የክላሽ ጥይት የሚኒባስን አንድ በር በስቶ፣ ወንበሩን አልፎ፣ በሌላው በኩል ሊወጣ ይችላል። ከመኪና ላይ የሚያስመካው ክፍል ሞተሩና ጎማው የታሰረበት ከባድ ብረት ብቻ ነው። ፊልም ላይ የተገለበጠ የእንጨት ጠረጴዛ ጥይት ሲመክት እናያለን፤ እርሱ የሚጋርደው ዓይንን ብቻ ነው።

በእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግድግዳው ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው በብሎኬት ቤት ውስጥ ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ከውጭ ሲታይ 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ቢኖረውም ውስጡ ባዶ ስለሆነ ጥይቱ የሚያገኘው ሁለት ቀጫጭን የሲሚንቶ ግድግዳ ነው። የጠመንጃ ጥይት ሊያልፈው ይችላል፤ በተለይ አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲያርፍ ይፈርሳል። የአጥር ቆርቆሮማ ከወረቀት አይሻልም። በአንጻሩ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ፣ ፊልም ላይ ተራ ነገር መስሎ ቢታይም፣ ጥይትን በግማሽ ሜትር ውስጥ ያስቀረዋል፤ እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት ከጥይቱ ጉልበት ጥቂት ጥቂት ስለሚወስድ ነው። የተኩስ ድምፅ በአቅራቢያ ከተሰማ ከመስኮት መራቅና ወለል ላይ መተኛት፣ ከተቻለም በመካከል ከአንድ በላይ ግድግዳ ወዳለበት ክፍል መሄድ ተገቢ ነው። ልጆች «ምን እንደሆነ እንይ» ብለው ወደ በረንዳ እንዳይወጡ አጥብቄ እለምናለሁ።

ጥይት ብረት ሲመታ የእሳት ፍንጣሪ ያወጣል?

አብዛኛው ጥይት መዳብ የለበሰ እርሳስ ነው፤ ሁለቱም ለስላሳ ማዕድናት ስለሆኑ ፍንጣሪ አያወጡም። ውስጡ ብረት ያለበት ጥይት ጠንካራ ነገር ሲመታ አልፎ አልፎ ያወጣል። በፊልም የምናየው ርችት ነው።

የነዳጅ ታንከር ወይም የጋዝ ሲሊንደር ቢመታ ይፈነዳል?

ተራ ጥይት የቤንዚን ታንከር ሲመታ የሚሆነው መበሳትና መፍሰስ ነው። ፈሳሽ ቤንዚን በራሱ አይፈነዳም፤ ለመቀጣጠል ከአየር ጋር በተገቢው መጠን የተቀላቀለ ተንና የእሳት ምንጭ ያስፈልጋል። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደርም እንዲሁ ተበስቶ ጋዙ ይወጣል። አደጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተንጣሎ የከሰል ምድጃ ሊያገኝ ይችላል።

ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት ሽጉጥ እንደ ፊልሙ ሹክ ብቻ ይላል?

አይደለም። ያልታፈነ ተኩስ 160 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፤ ጥሩ ማፈኛ ወደ 130 ገደማ ቢያወርደው ነው። ይህ ጆሮን ከመደንቆር ያድን እንደሆነ እንጂ በሚቀጥለው ክፍል የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ አያልፍም። በዚያ ላይ ማፈኛው የሚያፍነው የባሩዱን ጋዝ ድምፅ ብቻ ነው። ከድምፅ የሚፈጥን ጥይት በመንገዱ ሁሉ አየሩን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ የጅራፍ ጩኸት የመሰለ ድምፅ ያሰማል። ጅራፍ በቡሄ ሰሞን ሲጮኽ የሰማ ሰው የድምፁን ዓይነት ያውቀዋል፤ የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ የጅራፉም ጫፍ ከድምፅ ይፈጥናል።

ከ300 ሜትር ርቀት የተተኮሰ የክላሽ ጥይት ከግማሽ ሰከንድ ብዙም ሳይበልጥ ሲደርስ፣ የጠመንጃው ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ወደ 0.9 ሰከንድ ይፈጅበታል። ተኩሱን ሰምቶ ጎንበስ ብሎ የሚያመልጠው የፊልም ሰው ድምፁን የሰማው ጥይቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ውኃ ውስጥ መጥለቅ ያድናል?

በዚህ ረገድ ፊልሞች ጥይቱን ከሚገባው በላይ ያከብሩታል፤ ውኃ ውስጥ ረጅም ነጭ መስመር እየሠራ ሲወርድ ያሳዩናል። በእውነቱ ውኃ እጅግ ጠንካራ መካች ነው። ፈጣን የጠመንጃ ጥይት ገፈርሳን ወይም ለገዳዲን በመሰለ የውኃ ግድብ ላይ ቢተኮስ በመጀመሪያው ሜትር ገደማ ውስጥ አብዛኛውን ፍጥነቱን ያጣል፤ አንዳንዱም ገና ሲገባ ይሰባበራል። ዘገምተኛው የሽጉጥ ጥይት ስለማይሰባበር አንዳንዴ ከፈጣኑ ጠልቆ ይሄዳል፤ ተማሪዎች ይህን ለማመን ይቸገራሉ፤ የውኃው ተቃውሞ ግን ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ፈጣኑ ይበልጥ ይቀጣል።

በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት የት ይደርሳል?

በፊልም ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄዶ ይጠፋል። በእውን ግን ይመለሳል። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን የእማማ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረና ቆርቆሮ ሠሪ ሲወጣ አንዲት ክብ ቀዳዳ አገኘ፤ ጠርዟ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነበር። ኮርኒሱን ሲያነሡት አንድ መዳብ የለበሰ እርሳስ፣ ጫፉ በጥቂቱ ተጣምሞ፣ በአቧራው ላይ ተጋድሞ ተገኘ። መቼ እንደወደቀ ማንም አልሰማም። ከቀዳዳዋ ሥር የልጅ ልጃቸው አልጋ ነበረ።

እ.ኤ.አ. በ1920 የአሜሪካ ጦር ባለሙያዎች ፍሎሪዳ ውስጥ ውኃ ላይ መድረክ አቁመው ጠመንጃ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ተኩሰዋል። ጥይቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ለመመለስ በድምሩ 50 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበት ነበር፤ ከ500 በላይ ከተተኮሱት መድረኩ ላይ ያረፉት 4 ብቻ ነበሩ። ቀጥ ተደርጎ የተተኮሰው እንኳ የት እንደሚወድቅ ተኳሹ አያውቅም ማለት ነው። ሲወርድ የአየሩ ተቃውሞ ከስበቱ ጋር እስኪስተካከል ይፈጥንና በሰከንድ 90 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ላይ ይረጋል። የሰውን ቆዳ ለመብሳት በሰከንድ 60 ሜትር ያህል ይበቃል።

እኛ ደግሞ የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነው። እዚህ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የሚወርደው ጥይት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአሥር በመቶ በላይ ይፈጥናል፤ ወደ 100 ሜትር በሰከንድ ይጠጋል። ከሁሉ የከፋው ግን አግድም ዘመም ተደርጎ የሚተኮሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ጥይት ሽክርክሪቱንና አፍንጫውን ወደ ፊት ጠብቆ፣ ቀጥ ብሎ ከሚወርደው የበለጠ ፍጥነት ይዞ፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሌላ ሰፈር ሊያርፍ ይችላል። ሠርገኛው እጁን አንሥቶ ሲተኩስ ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚለካ ማንም የለም። የደስታ ተኩስ ማንንም እንደማይነካ አድርጎ የሚተኩስ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ቁጥር እንዲያነብለት እፈልጋለሁ።

ፊልም ሠሪዎች ሰውን እንዴት ያበሩታል?

ተዋናዩ ከልብሱ ሥር ማሰሪያ ይለብስና ከኋላው በገመድ በድንገት ይጎተታል። ደረቱ ላይ የሚፈነዳው ከቀይ ፈሳሽ ከረጢት ጋር የተያያዘ ትንሽ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ፈንጂ ነው፤ በቅርብ ዓመታት በኮምፒውተር የሚጨመርም በዝቷል።

ይህን ያለ ጦር መሣሪያ በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል?

ይቻላል፤ እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 የጥይትን ፍጥነት የለካበትን ዘዴ ነው የምንጠቀመው። አንድ ኪሎ እርጥብ ሸክላ ጭቃ በአንድ ሜትር ሲባጎ ይንጠለጠላል፤ ከጎኑ ማስመሪያ ይቆማል። መምህሩ የዓይን መከላከያ አድርጎ፣ ተማሪዎችንም ከኋላው አሰልፎ፣ 5 ግራም የምትመዝን ብይ በላስቲክ ወንጭፍ ጭቃው ላይ ይወነጭፋል። ጭቃው በአግድም የሄደበትን ርቀት በሜትር ለክቶ በ3.13 ማባዛት የጭቃውን ፍጥነት ይሰጣል፤ ያንን በ201 ማባዛት ደግሞ የብዪቱን። ባለፈው ወር ስንሞክረው ጭቃው የተንቀሳቀሰው 5 ሴንቲሜትር ነበር፤ የብዪቱም ፍጥነት በሰከንድ 31 ሜትር ወጣ። ከዚያ አንዲት ተማሪ ብዪቱን ለማውጣት ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገባች፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ገባ፤ ብዪቱን ግን አላገኘቻትም፤ ጭቃውን በቢላዋ መሰንጠቅ ነበረብን።